ላሟ እንዴት ተነሳች?

ባለፈው በጋ፣ አንድ ረቡዕ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ጨፋ ሮቢት ገበያ አጠገብ ባለች ኳስ ማሳያ ቤት ውስጥ የስድስት ደቂቃ አኒሜሽን ለሰው አሳየን። ሠሪው የሰፈራችን ልጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ደርሷል፤ የሚማረው አካውንቲንግ ነው፤ ሥዕል ያስተማረው ሰው የለም። እኔ ከሚሴ ላይ ሠርግና ምርቃት እየቀረጽሁ፣ ሌሊት ሌሊት እያቀናበርሁ እኖራለሁ። ልጁ ለእረፍት በመጣ ቁጥር ሱቄ ይገባና እኔ ስጨርስ ኮምፒውተሬ ላይ ይቀመጣል። ብሌንደር የሚባለውን ፕሮግራም በነፃ አውርዶ፣ ከዩቲዩብ እያየ ራሱን አስተማረ።

የሥራውን ክብደት ለማያውቀው ልናገር። በእጅ በሚሣል አኒሜሽን አንዲት ሰከንድ እንድትንቀሳቀስ ብዙ ጊዜ 12 ሥዕል ያስፈልጋል። ስድስት ደቂቃ ማለት 4,320 ሥዕል ነው። ልጁ አንዳንዱን ደጋግሞ ቢጠቀምበትም ከዓመት በላይ ሌሊቱን በልቶታል። እንዲህ የደከመ ሰው ፊት «እንዴት አገኛችሁት?» ተብሎ ሲጠየቅ የኛ አገር ሰው ምን እንደሚል ታውቃላችሁ። «ማሻ አላህ! በርታ! አላህ ያግዝህ!» ይባላል። ምርቃቱ ከልብ ነው፤ እኔም አሚን ብያለሁ። ለሠሪው ግን በዚያ ምርቃት ውስጥ ነገ ጠዋት ተነሥቶ የሚያስተካክለው አንዳች ነገር የለም።

ታሪኩ ይህ ነው። ዝናብ ከጠፋበት ቆላ አንድ ከብት አርቢ ላሞቹን ወደ ጨፋ ረግረግ ይነዳል። ሰባት ነበሩ፤ መንገድ ላይ ስድስቱ አልቀው አንዲቷ ብቻ ቀርታለች። እሷም ለምለሙ ሣር ጋ እንደደረሰች ጭቃው ውስጥ ትወድቃለች። ሰውየው ወደ ሰማይ ቀና ብሎ «ለምን?» ይላል። ከብርሃን መካከል ድምፅ ይወጣና ስለ ፈተና፣ ቀደር ስለሚባለው የአላህ ውሳኔ፣ ስለ ሰው ምርጫ ለሁለት ደቂቃ ያህል ይናገራል። ድምፁ ሲያበቃ ላሟ ትነሳለች፤ ፊልሙም ያልቃል።

የጨፋን በጋ ለሚያውቅ ይህ የፈጠራ ታሪክ አይመስልም። ቦርከና የሚያጠጣው ይህ ረግረግ ሌላው ሁሉ ሲደርቅ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል፤ ኦሮሞው፣ አፋሩ፣ አርጎባው ከብቱን ይዞ ወደዚሁ ይወርዳል። ማሳያ ቤቱ ውስጥ ከተቀመጡት መካከልም ለገበያ ብቅ ያሉ ከብት አርቢዎች ነበሩ፤ ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈዋል። ፊልሙ ስለነሱ ነበር። ልጁ ግን እነሱን ለመስማት አልተዘጋጀም፤ ዓይኑ ከፊት የተቀመጡት ሸኽ ላይ ነበር። ሃይማኖት የነካ ፊልም ሠርቶ ከሸኹ ሌላ ማንን ይፍራ?

እኔ ለዓመታት የሠርግ ቪዲዮ ለቤተሰብ ሳሳይ አንድ ነገር ተምሬያለሁ። ስለ ቀለሙና ስለ ሙዚቃው የሚነግረኝ ሰው የለም። «አክስቴ የታለች?» ይላሉ። «እናቴ ስትመርቀኝ ለምን ቆረጥኸው?» ይላሉ። መጀመሪያ ሰሞን ይህ አስተያየት መስሎ አይታየኝም ነበር። በኋላ ግን ስለ ሥራዬ ከዚያ የጠለቀ ነገር የነገረኝ ሰው እንደሌለ ገባኝ። ስለዚህ «እንዴት ነው?» ብዬ መጠየቅ ተውሁ። የምጠይቀው «ምን አያችሁ?» ብዬ ነው፤ ከዚያ ዝም እላለሁ። ዝምታው ከባድ ነው፤ በተለይ ሠሪው አጠገቤ ተቀምጦ እግሩ ሲንቀጠቀጥ።

የዚያን ቀንም «ያ ጀማዓ፣ ምን አያችሁ?» አልሁ።

ሸኹ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ልጁን በስሙ ጠርተው «የተናገረው ማነው?» አሉት። ልጁ መለሰ፤ ድምፁ የራሱ ነበር፤ በኮምፒውተር አወፍሮት ነው። «አላህ የሚናገርበትን ጉሮሮ አንተ ከየት አመጣኸው ልጄ?» አሉ። አልተቆጡም። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር፤ ልጁ ግን ከቁጣ ይልቅ በዚያ ደነገጠ። ነፍስ ያለውን ፍጥረት በመሣል ላይ ዑለማዎች እንደሚለያዩ ሸኹ ያውቃሉ፤ በዚያ በኩል ልጁን አልነኩትም። የነኩት አንዷን ነገር ብቻ ነው፤ እሷም ልክ ነበረች።

አብሮኝ ከከሚሴ የመጣው ጓደኛዬ ክርስቲያን ነው፤ መምህር ነው። እሱን ድምፁ አላስደነገጠውም። ከልጅነቱ ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ሥላሴን በሦስት ሽማግሌ አምሳል፣ አርባዕቱን እንስሳ በአራት ማዕዘን ተሥለው እያየ አድጓል። ለሱ የማይታየው መታየቱ አዲስ አይደለም። እሱን የከነከነው ሌላ ነው፤ «ሰውየው ቶሎ ረካ። አንድ ጊዜ ለምን ብሎ ጠይቆ፣ ንግግር ሰምቶ፣ ረካ። ስድስት ላም የሞተበት ሰው እንዲህ አይረካም» አለ። ከኋላ አንድ ወጣት ብድግ ብሎ «ጭራሽ መጠየቁስ! ነቢዩ አዩብ ለምን ብለው ጠየቁ?» አለ።

እዚህ ላይ ቤቱ ተሟሟቀ፤ እኔም ደስ አለኝ። አዩብና ኢዮብ አንድ ሰው ናቸው፤ የሁለቱ ወገን ትዝታ ግን ይለያያል። ሙስሊሙ የሚያስታውሰው ሶብራቸውን ነው፤ በቁርኣን ውስጥ ጉዳት እንደነካቸው ለጌታቸው ይናገራሉ፣ አዛኝነቱን ይጠራሉ፣ ክርክር የለም። ክርስቲያኑም ስለ ኢዮብ ትዕግሥት ይሰብካል፤ መጽሐፉን የገለጠ ግን ከ42ቱ ምዕራፍ አብዛኛው ሙግት መሆኑን ያገኛል። አንድ ጀማሪ አንድ «ለምን» በላሟ ባለቤት አፍ ውስጥ አስገብቶ ይህን ሁሉ ቀሰቀሰ። ጨፌ የሚለው የኦሮምኛ ቃል ረግረጋማ መስክም ነው፣ ጉባኤም ነው፤ የዚያን ቀን ሁለቱንም ትርጉም በአንድ ቤት ውስጥ ያየሁ መሰለኝ።

ክርክሩ ሲበርድ ከወደ በሩ አንድ ጎልማሳ ተናገረ። ከአርጡማ ቆላ ከብቱን ይዞ የመጣ ነው፤ የተናገረው በኦሮምኛ ነው፤ አጠገቡ ያለው ተረጎመልን። «ላም እንዲህ አትነሳም» አለ።

ሰው ሳቀ። እሱ አልሳቀም። «ይህች የተነሳችው እንደ ፈረስ ነው። ፈረስ በፊት እግሩ ነው የሚነሳው። ላም ከኋላዋ ትጀምራለች።» ከዚያ የሰው መሳቅ አላስደሰተውም መሰለኝ፣ ዱላውን አስቀምጦ ወለሉ ላይ ወረደ። በሁለት ጉልበቱ ተንበረከከ፣ ራሱን ወደ መሬት ዝቅ አደረገ፣ ወገቡን ከፍ አደረገ። እንዲህ ሆኖ ትንሽ ቆየ። «እንዲህ ነው መጀመሪያ። ከዚያ ነው የፊቷን የምታነሳው።»

ቤቱ ጭጭ አለ። ሰውየው ወለሉ ላይ የነበረበትን ሁኔታ በቀን አምስት ጊዜ የሚያደርገው ሁሉ ያውቀዋል። ሱጁድ ነበር። ሸኹ ቀስ ብለው «ሱብሓነላህ» አሉ።

ሰውየው ግን አልጨረሰም። እየተነሳ፣ ጉልበቱን እያራገፈ፣ «ደግሞ ያን ያህል የከሳች ላም ጭቃ ውስጥ ወድቃ ብቻዋን አትነሳም። ጭራዋን ይዞ የሚያግዛት ይፈልጋል። ሰውየው ቆሞ ምን ይሠራል?» አለና ዱላውን አንሥቶ ወደ ከብቱ ሄደ።

ወደ ከሚሴ ስንመለስ ልጁ ባጃጁ ውስጥ ድምፁ ጠፋ። በኋላ «ጋሼ፣ እኔ ስለ ቀደር ፊልም ሠርቼ እነሱ ስለ ጭራ ያወራሉ» አለኝ። «አብሽር» አልሁት፤ ወዲያው ግን መልሱ ትንሽ ሆነብኝ። የዚህ ማስታወሻ ምክንያትም እሱ ነው።

በትልቅ ሐሳብ የሚነሡ ጀማሪዎች ሁሉ እዚህ ላይ ሲሰናከሉ አያለሁ። ስለ ፈጣሪ የተነገረው አስተያየት ዋነኛ፣ ስለ ላም የተነገረው ተራ ይመስላቸዋል። ተመልካች ግን ሐሳቡን የሚያምነው ላሟን ካመነ ነው። ያ ከብት አርቢ ላሟ እንደ ፈረስ ስትነሳ ባየ ጊዜ ተአምሩን መቀበል አቆመ፤ ከዚያ በኋላ ፊልሙ የሚለው ሁሉ ስለ ላም የማያውቅ ሰው ወሬ ሆነበት። ልጁ ላሟን የቀዳው ከአንድ የውጭ አገር ማስተማሪያ ቪዲዮ ነበር፤ ቪዲዮው የፈረስ ነበር። ሁለት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ በሺህ የሚቆጠር ላም ተኝቶ እየተነሳ!

አዲስ አበባ ውስጥ የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት በሕዝቡ አፍ «ሰይጣን ቤት» ይባል እንደነበር ብዙ ሰው ያውቃል። ይህን ስም የኋላቀርነት ማስረጃ አድርገው ሲጠቅሱት አልወድም። ሰዎቹ ያዩትን ነው የተናገሩት፤ ግዑዝ ጨርቅ ላይ ነፍስ ያለው ሲንቀሳቀስ አይተው ይህ ከየት መጣ አሉ። ሸኹ «የማን ጉሮሮ ነው?» ሲሉ የጠየቁት የዚያ ዘመድ ጥያቄ ነው። ከብት አርቢውም እንዲሁ። ከሁለቱ አንዳቸውም «ወደድሁት፣ አልወደድሁትም» አላሉም።

መምህሩ ጓደኛዬ በማግሥቱ ሱቄ መጥቶ አንድ ነገር አስታወሰን። በመጽሐፈ ኢዮብ መጨረሻ እግዚአብሔር ከዐውሎ ነፋስ ውስጥ ሲመልስ ስለ ኃጢአትና ስለ ፈተና ማብራሪያ አይሰጥም። ስለ እንስሳት ነው የሚጠይቀው፤ ስለ አንበሳ፣ ስለ ቁራ፣ የበረሃ ፍየል ስለምትወልድበት ጊዜ፣ ስለ ሰጎን፣ ስለ ፈረስ። ልጁ ይህን ሲሰማ ብዙ ዝም አለ። ከዚያ ኮምፒውተሩን ከፍቶ የሁለት ደቂቃውን ንግግር ሰረዘው። እኔ አልነገርሁትም፤ ልናገርም አልደፍርም ነበር፤ የደከመበት ጽሑፍ ነበር።

ድምፁ ከሄደ በኋላ የሚተካው ምን ይሁን የሚለው ለብዙ ሌሊት አከራከረን። ሙስጠፋ አቃድ በ1976 እ.ኤ.አ. የሠራውን «ዘ ሜሴጅ» አብረን አየነው። ሙስሊሙ ዘንድ አር-ሪሳላ ተብሎ የሚታወቀው ነው። ነቢዩ በፊልሙ ውስጥ አይታዩም፣ ድምፃቸውም አይሰማም። ሰዎች ወደ ካሜራው ዞረው ይናገራሉ፣ መልሱን ሰምተው ፊታቸው ይለወጣል፤ እኛ የምናየው የሰሚውን ፊት ነው። ልጁ ይህን ክፍል አሥር ጊዜ ሳይመላልሰው አልቀረም። ቀጥሎ «ፍሎው» የተባለውን፣ ላትቪያዊው ጊንትስ ዚልባሎዲስ በዚሁ በብሌንደር ሠርቶ በ2025 እ.ኤ.አ. ኦስካር ያገኘበትን አየን። ጎርፍ አለ፣ ጀልባ አለ፣ ድመትና ሌሎች እንስሳት አሉ፤ አንድም የሰው ቃል የለም። አማርኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ በአንድ ገበያ በሚነገርበት አገር ላለ ሠሪ፣ ያለ ቃል መናገር መቻል ትልቅ ነገር ነው። የመጀመሪያው ቀን አንዲት ኦሮምኛ ብቻ የሚሰሙ እናት የድምፁን ሁለት ደቂቃ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ማሳለፋቸውን አይቼ ነበር።

የአገራችንንም ሰው አሳየሁት። ዕዝራ ውቤ በ2011 እ.ኤ.አ. «ሒሳብ» የሚል አጭር አኒሜሽን ሠርቷል። ታክሲ የተሳፈሩት የአህያ፣ የውሻና የፍየል ጨዋታ ሁላችንም የምናውቀው ነው፤ እሱ ሸራ ላይ እየቀባ፣ ፎቶ እያነሳ፣ እንደገና እየቀባ አንቀሳቀሰው። ልጁን የገረመው ቀለሙ ሳይሆን ጨዋታውን ከአያቱ ሰምቶት ማደጉ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ወደ ረግረጉ ወረድን። እኔ የሠርግ ካሜራዬን ይዣለሁ። ላሞቹ በጭጋጉ ውስጥ ተኝተዋል። ፀሐይ ስትወጣ አንድ በአንድ ተነሡ፤ ሁሉም ከኋላቸው፣ ሁሉም ለአፍታ በፊት ጉልበታቸው ተንበርክከው። ያን ያህል ጊዜ እዚህ አገር ኖሬ አላየሁትም ነበር። ፍጥረት ሁሉ እንደሚሰግድ በመድረሳም በቤተ ክርስቲያንም ይነገራል፤ እኔም ሰምቼዋለሁ፤ በዚያ ጠዋት ግን አየሁት፣ ካሜራውን ማብራት ረስቼ ቆምሁ። ልጁ በስልኩ እየቀረጸ ነበር፤ ደግነቱ።

አሁን ላሟ የምትነሳበት ክፍል አምስት ሰከንድ ነው፤ 60 ሥዕል። መጀመሪያ ሰውየው ዱላውን ይጥላል። ጭቃው ውስጥ ይገባል፣ ጭራዋን በሁለት እጁ ይይዛል። ወገቧ ይነሳል፤ ጉልበቷ መሬት ላይ እንዳለ ለአንድ ሰከንድ ሙሉ ትቆያለች። ይህችን አንድ ሰከንድ ልጁ እንዲያሳጥራት ብለምነው እምቢ አለኝ፤ እሱ ልክ ነበር። «ለምን?» የሚለው ቃል አልተሰረዘም፤ አሁን ግን መልስ የለውም፤ የሚሰማው ነፋስ ጨፌውን ሲያነቃንቅ ነው። ነፋሱን ከዚያው ከረግረጉ ነው የቀዳነው።

ሸኹ አዲሱን አይተውታል። እስከ መጨረሻው ዝም ብለው አዩና «ሰውየው ጭቃው ውስጥ ሲገባ ጫማውን ለምን አላወለቀም?» አሉ። ልጁ ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ።

ከብት አርቢው ግን አላየውም። ዝናቡ ሲጥል ከብቱን ይዞ ወደ አርጡማ ተመልሷል፤ ስልክም አልተቀበልነውም። ፊልሙን በፍላሽ ገልብጬ የሱቄ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። በጋ ሲገባ ረቡዕ ረቡዕ ይዤው ወደ ሮቢት እወርዳለሁ።