ለዓሣ ገንዳ የሚሆን እንጨት

በክፍል ውስጥ የመስተዋት የዓሣ ገንዳ ያዘጋጀ መምህር ተማሪዎቹን ሕይወት ያለውን ነገር በዓይናቸው እያሳየ ያስተምራል። በገንዳው ውስጥ የሚገባ እንጨት ለዓሣዎቹ መደበቂያ ነው። ታዲያ ያገኙትን ጉማጅ አንስቶ መክተት ዓሣውን መፍጀት ይሆናል።

ምን ዓይነት እንጨት ይመረጥ? በደንብ የደረቀ፣ ያልበሰበሰ፣ ጥፍር የማያስገባ ጠንካራ እንጨት ነው፤ ደረቅ ወይራ ለዚህ ይሆናል። ሙጫ ያለው ጥድ፣ ዘይታሙ ባሕር ዛፍ፣ ወተቱ መርዝ የሆነው ቁልቋል አይሆኑም። ፀረ ተባይ ከሚረጭበት እርሻ ዳርም አይለቀም።

አዘገጃጀቱስ? ቅርፊቱን መላጥ፣ በብሩሽና በውኃ ብቻ ማጠብ። ሳሙና በፍጹም አይነካውም! ከዚያ ከ1 እስከ 2 ሰዓት መቀቀል፤ ቀጥሎም ውኃውን እየለወጡ እስኪሰጥም መዘፍዘፍ። ይህ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል።

ውኃው ሻይ ቢመስል አትደንግጡ፤ ከእንጨቱ የሚወጣው ታኒን ነው፣ ውኃው በተለወጠ ቁጥር እየቀነሰ ይሄዳል። በኋላ ነጭ ሽፋን ቢያወጣም በብሩሽ ይለቃል።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። የሞተ ዓሣ ግን አይለቀምም። ጠዋት ሕፃናቱ ገንዳውን ከበው ሲያዩት፣ የሚማሩት የመምህራቸውን ችኮላ ነው።