ጥላሸት ይቃጠላል፣ አመድ ይቀራል

ቂሊንጦ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ የሚገኝ፣ ብዙ ዘመን የእርሻ መሬት ሆኖ ኖሮ በቅርብ ዓመታት የቢራ ፋብሪካ፣ የመድኃኒት አምራቾች የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲና ሰፋፊ የኮንዶሚኒየም መንደሮች የተተከሉበት ሰፈር ነው። ይህ ሁሉ ግንባታና ምርት የሚንቀሳቀሰው በናፍጣ መኪና በመሆኑ፣ አሸዋና ጠጠር የሚያመላልሱ ገልባጮች፣ ቢራ የሚያከፋፍሉ አይሱዙዎችና ከጅቡቲ ወደብ ዕቃ ጭነው የሚገቡ ባለ ተሳቢዎች በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ መካከል ቀንና ሌሊት ይመላለሳሉ። ከእነዚህ መካከል በቅርብ ጊዜ የተሠሩት፣ በተለይም አውሮፓ ውስጥ አገልግለው የመጡት፣ አሮጌዎቹ መኪኖች የማያውቁትን አንድ ዕቃ በጭስ ማውጫቸው ላይ ይዘው ይገባሉ፤ እርሱም ባለሙያዎች በምህጻረ ቃል ዲ.ፒ.ኤፍ. የሚሉት የጥላሸት ማጣሪያ ነው። ማጣሪያው እንደ ዘይት ፊልትሮ ሲቆሽሽ ተጥሎ በአዲስ የሚተካ ሳይሆን፣ መኪናው ላይ እንዳለ የያዘውን ጥላሸት እያቃጠለ ራሱን የሚያጸዳ በመሆኑ፣ ጠባዩን ሳያውቅ መኪናውን የገዛ ሰው ደኅናውን ሞተር እንደ ታመመ ይቆጥራል፣ የታመመውን ደግሞ እንደ ደኅና ይነዳል።

ናፍጣ የሚነደው እንደ ቤንዚን በካንዴላ ብልጭታ ተለኩሶ ሳይሆን፣ እጅግ ተጨምቆ በጋለ አየር ውስጥ ሲረጭ በራሱ በመቀጣጠል ነው። የተረጨው ናፍጣ ሁሉ እኩል አየር ስለማያገኝ፣ አየር ያጠረው ክፍል በቅጡ ሳይቃጠል ወደ ካርቦን ብናኝ ይለወጣል፤ አቀበት ላይ ከገልባጭ ጭስ ማውጫ የሚወጣው ጥቁር ደመና ይኸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ሞተር ጭስ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጠባቸው ነገሮች ተርታ መድቦታል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ፣ አውሮፓም ዩሮ 6 በተባለው ደረጃ ከ2014 ወዲህ፣ ቻይና ደግሞ ከ2021 አጋማሽ አንሥቶ ያወጧቸው የጭስ ደንቦች ያለ ማጣሪያ ሊሟሉ የማይችሉ ስለነበሩ፣ ዕቃው የአዲስ ከባድ መኪና መደበኛ አካል ሆነ።

ማጣሪያው ከውጭ ሲታይ ወፈር ያለ ማርሚታ ይመስላል። ውስጡ ግን እንደ ሸክላ ካለ ሙቀት ቻይ ቁስ የተሠራ፣ የማር እንጀራ የመሰለ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ቀጫጭን ቱቦዎች የተደረደሩበት ነው። አንዱ ቱቦ በመግቢያው ክፍት ሆኖ በመውጫው ተደፍኗል፣ ጎረቤቱ ደግሞ በተገላቢጦሽ ነው፤ ስለዚህ ጭሱ በገባበት ቱቦ ቀጥ ብሎ መውጣት ስለማይችል በግድግዳው ረቂቅ ቀዳዳዎች ሰርጎ ወደ ጎረቤቱ ይሻገራል፣ ጥላሸቱም ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ደኅና ማጣሪያ ከጥላሸቱ ከ90 በመቶ በላይ ስለሚይዝ፣ ሞተሩ በቀዘቀዘበት ሰዓት ነጭ ጨርቅ በጭስ ማውጫው አፍ ውስጥ ቢታሽ ሳይጠቁር ይወጣል። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ይህን ፈተና ሳያደርግ ባይዋዋል መልካም ነው፤ ጨርቁ ጥቀርሻ ይዞ ከወጣ ማጣሪያው ተሰንጥቋል፣ አለዚያም ውስጡ ተፈልፍሎ ወጥቷል።

በግድግዳው ላይ ያለው ጥላሸት እየወፈረ ሲሄድ ጭሱ መተላለፊያ ያጣል፣ ሞተሩ ይታፈናል፣ ናፍጣም ይበላል። በዚህ ጊዜ ጥላሸቱን እዚያው ማቃጠል ያስፈልጋል፤ በባለሙያዎች አነጋገር ሪጀነሬሽን፣ በአማርኛ የማጣሪያው መታደስ ሊባል የሚችለው ሂደት ይህ ነው። በማገዶ የሚያበስል ሰው ነገሩን በዓይኑ ያውቀዋል፦ እርጥብ እንጨት በሚጨስበት ምድጃ ላይ የተጣደ ድስት ቂጡ ጥቀርሻ ይለብሳል፣ እሳቱ ሲንቦገቦግ ግን ያው ጥቀርሻ በቀያይ ፍንጣሪ እየተሯሯጠ ተቃጥሎ ይጠፋል። በማጣሪያው ውስጥ ያለው ጥላሸትም ከ550 እስከ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲግል በጭሱ ውስጥ በተረፈው ኦክሲጅን ይነዳል።

መኪናው ጭነት ይዞ አቀበት ሲወጣ ወይም በረጅም መንገድ ሳይቋረጥ ሲጓዝ ግን ጥላሸቱ ያን ያህል ሙቀት ሳይጠብቅ፣ ሹፌሩም ሳያውቀው ይቀንሳል። ከ250 እስከ 400 ዲግሪ በጋለ ጭስ ውስጥ፣ ከማጣሪያው ፊት ያለው ፕላቲኒየም የተቀባ ክፍል ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ ያበዛል፣ ጋዙም ጥላሸቱን ቀስ በቀስ ይበላዋል። ይህ ሳይበቃ ሲቀር፣ ከማጣሪያው በፊትና በኋላ ያለውን የግፊት ልዩነት የሚለካው ሴንሰር ለመኪናው ኮምፒዩተር ያሳውቃል፣ ኮምፒዩተሩም ትርፍ ናፍጣ ወደ ጭሱ እንዲገባ ያዛል፤ ናፍጣው በፕላቲኒየሙ ላይ ሲቃጠል ሙቀቱ ወደ 600 ዲግሪ ይወጣና ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ባለ ጊዜ ውስጥ ማጣሪያው ይጸዳል። በጉዞ ላይ ይህ ካልተሳካ መኪናው ቆሞ፣ ሹፌሩ ማዘዣውን ተጭኖ እንዲያስጀምረው ይጠየቃል።

የቂሊንጦ ሥራ ለዚህ መሣሪያ አይመችም። ሰፈሩ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብሎ የሚገኝ በመሆኑ አየሩ በወደብ ከተማ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ተርቦ ጉድለቱን በከፊል ቢሞላውም፣ በተለይ ከቆመበት ሲነሣ ጥላሸት ይበዛል። ከአሸዋ መጫኛ እስከ ግንባታው ቦታ አጭር መንገድ የሚመላለስ፣ ለማራገፍ ተሰልፎ ሞተሩ ሳይጠፋ በሚኒሞ ሰዓታት የሚቆይ ገልባጭ ጭሱ ከ200 ዲግሪ በታች ሆኖ ስለሚውል፣ ጥላሸት ያከማቻል እንጂ አያቃጥልም። በአንጻሩ መፍትሔው ከሰፈሩ ሩቅ አይደለም፤ ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሄደውና በ2007 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ማጣሪያውን ለማጋል የሚያስችል ያልተቋረጠ ጉዞ ይሰጣል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ፦ ወደ አዳማ የሚወርድ ባዶ መኪና ሞተሩ እምብዛም ስለማይደክም ጭሱ አይግልም፤ ጥላሸቱን በደንብ የሚያቃጥለው ጭኖ ሽቅብ የሚመለሰው ነው። ወደ ጅቡቲ ባዶ ወርደው ሞልተው የሚመለሱ ባለ ተሳቢዎች በማጣሪያ ብዙ የማይቸገሩት፣ የቂሊንጦ ገልባጮች ግን የሚቸገሩት ለዚህ ነው።

ማስጠንቀቂያው በዳሽቦርዱ ላይ ግራና ቀኝ ቧንቧ ያለው፣ በነጠብጣብ የተሞላ ሣጥን ቅርጽ ባለው ቢጫ መብራት ይታያል። መብራቱ ዝም ብሎ ሲበራ መኪናው ረጅም ጉዞ ይፈልጋል፤ ብልጭ ድርግም ማለት ሲጀምር አቁሞ ማሳደስ ይገባል፤ የሞተር መብራት ሲጨመርበት ጉልበቱ ይቀነሳል፤ ከዚያም ከታለፈ ባለሙያ በኮምፒዩተር ካልሆነ በቀር የሚያድሰው አይኖርም። በመታደስ ላይ ያለ መኪና ሚኒሞው በራሱ ከፍ ይላል፣ ቬንትሌተሩ ያጓራል፣ የጋለ ብረት ይሸታል፤ ይህን ያላወቀ ሹፌር ሞተሩ የተበላሸ መስሎት ያጠፋዋል። የተቋረጠ መታደስ ጥላሸቱን ባለበት ያስቀረዋል፤ ትርፉ ናፍጣ በሲሊንደሩ በኩል በሚረጭባቸው ሞተሮች ደግሞ ያልተቃጠለው ወደ ዘይቱ እየወረደ ያቀጥነዋል። ስለዚህ በመለኪያው ዘንግ ላይ ዘይት ሳይጨመርበት ከፍ ብሎ መታየቱ የደስታ ምልክት ሳይሆን ዘይቱን ቶሎ መቀየር እንደሚያስፈልግ የሚናገር ነው።

ቆሞ የሚደረገው መታደስ ቦታ ይመርጣል። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው አየር እሳት ለማስነሣት የሚበቃ ሙቀት ስላለው፣ በበጋ ወራት ደረቅ ሣር፣ ጭድ ወይም የጆንያ ክምር ባለበት ሜዳ ላይ ማድረግ አደገኛ ነው። ነዳጅ በሚቀዳበትና ቦቴ በሚቆምበት አካባቢም በፍጹም መሞከር የለበትም፤ መኪኖቹ መታደስን ለጊዜው የሚከለክል ማዘዣ የተገጠመላቸውም ለእንዲህ ያለው ስፍራ ነው።

በችግሩ የተሰላቹ ባለቤቶች ማጣሪያውን አስቆርጠው ውስጡን ማስወጣትን፣ ኮምፒዩተሩንም እንዳይጠይቅ ማስደረግን እንደ መፍትሔ ይወስዱታል። ይህ መፍትሔ አይደለም። ማጣሪያ ቶሎ ቶሎ የሚሞላው በአጭር ጉዞ ብቻ ሳይሆን፣ ብዙ ጊዜ እንጀክተር ስለሚያንጠባጥብ ወይም ተርቦ ዘይት ስለሚያሳልፍም ነው፤ ማጣሪያው ሲወገድ ጠቋሚው ይጠፋል፣ ብልሽቱ ግን ሞተሩን መብላቱን ይቀጥላል። ሳይጣራ የቀረው ጥላሸት ደግሞ በመንገዱ ዳር በቆሎ የምትጠብሰው እናት፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሰው ሕፃንና ከመኪናው ኋላ ሆኖ መልስ የሚያሳየው ረዳት ሳንባ ውስጥ ይገባል። ባለቤቱ ያዳነው ወጪ በእነዚህ ሰዎች ጤና ይከፈላል፤ ይህ ደግሞ ፍትሕ የለውም።

መታደስ የማይነካው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም አመድ ነው። አመዱ በዋናነት የሚመጣው ከናፍጣ ሳይሆን፣ በሞተር ዘይት ውስጥ ካሉትና ከዘይቱ ጋር ሲቃጠሉ ከማይጠፉት የካልሲየምና የዚንክ ቅመሞች ነው። ስለዚህ ማጣሪያ ያለው መኪና ዝቅተኛ አመድ ያለው ዘይት ይፈልጋል፤ በጣሳው ላይ ሲ.ጄ.-4 ወይም ሲ.ኬ.-4 የሚል ምልክት ያለበት ዘይት ለዚህ የተዘጋጀ ሲሆን፣ የመኪናው መመሪያ የሚያዘው ግን ከሁሉም ይቀድማል። አመዱ በመቶ ሺዎች ኪሎ ሜትር ጉዞ ሲሞላ ማጣሪያው ወልቆ መጽዳት አለበት። ላቫጆ ወስዶ በኃይለኛ ውኃ ማስመታት የውስጡን ሸክላ ሊሰነጥቅና የተቀባውን ሊያጥብ ይችላል፤ ተገቢው አሠራር በምድጃ ቀስ ብሎ አግሎ የቀረውን ጥላሸት ማቃጠል፣ ከዚያም አመዱን በአየር ከመውጫው ወደ መግቢያው መንፋት ነው። ጥላሸቱ ተቃጥሎ ካለቀ በኋላ፣ አመዱ ከመነፋቱ በፊትና ከተነፋ በኋላ ማጣሪያው በሚዛን ይመዘናል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከውስጡ የወጣው አመድ ክብደት ሲሆን፣ ባለቤቱ ቁጥሩን ከኪሎ ሜትሩ ጋር በመኪናው መዝገብ ላይ ቢያሰፍረው ሞተሩ ምን ያህል ዘይት እንደሚያቃጥል በሚቀጥለው ጽዳት ጊዜ ያውቃል።