ድርብ ምስል (ሳንቲም)

ድርብ ምስል የሚባለው በሳንቲም ላይ ያለ ፊደል፣ ቁጥር ወይም ሥዕል ሁለት ጊዜ የታተመ መስሎ ሲታይ ነው። መንስኤው ከሁለት አንዱ ሊሆን ይችላል፤ ሰብሳቢዎች ከፍተኛ ዋጋ የሚሰጡት ግን ለአንደኛው ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ከመምቻው ማኅተም የሚመነጭ ነው። ማኅተሙ ሲዘጋጅ ከዋናው ቅርጽ ጋር በተደጋጋሚ ይጫን ስለነበር፣ በሁለተኛው ጊዜ ጥቂት ከዞረ ድርቡ በራሱ በማኅተሙ ላይ ተቀርጾ ይቀራል። ከዚያ በኋላ የሚመታው ሳንቲም ሁሉ ያንኑ ስህተት ይይዛል። ፊደሎቹ ይሰፋሉ፣ ሁለተኛው ምስልም እንደ መጀመሪያው ጎላ ብሎ ይታያል። በ1955 እ.ኤ.አ. የተመታው የአሜሪካ ባለ አንድ ሳንቲም የታወቀ ምሳሌ ነው።

ሁለተኛው የምት መንሸራተት ነው። በማሽኑ ውስጥ የላላ ማኅተም በምቱ ቅጽበት ሲንሸራተት፣ ገና የወጣውን ምስል ጠርዝ ይጨፈልቀዋል። የሚታየውም ጠፍጣፋና ዝቅ ያለ እርከን ነው፤ ፊደሉ ይቀጥናል እንጂ አይሰፋም። ይህ እጅግ የተለመደ ስለሆነ ዋጋ አይጨምርም፤ ሆኖም ብዙ ጊዜ «ብርቅ» እየተባለ ለገዢ ይቀርባል። ሳንቲሙን አጋድሞ ከጎን በሚመጣ ብርሃን በማጉያ መነጽር ማየት ልዩነቱን ያሳያል።

ዋና ከተማዋ መቀሌ በሆነችው በትግራይ የሚገኙት የአክሱም ሳንቲሞች ግን በሌላ ሚዛን ይታያሉ። ከንጉሥ እንዱቢስ (3ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ) ጀምሮ ወርቅ፣ ብርና ነሐስ በመዶሻ በእጅ ይመታ ነበር። የመጀመሪያው ምት ደካማ ሲሆን ሌላ ይደገማል፤ በመካከል ሳንቲሙ ከተንቀሳቀሰ ምስሉ ይደረባል። ይህ ማሽን አልባ አሠራር የተወው አሻራ ነው። በጽሑፋቸው ላይ የሚታየው የፊደል ግድፈት ደግሞ የቀራጩ ስለሆነ፣ ከአንድ ማኅተም በወጡት ሁሉ ላይ ይደገማል።

ልዩነት ሁሉ ስህተት አይደለም። በፓሪስ በተመቱት የዳግማዊ ምኒልክ ብሮች ላይ አንበሳው በአንዳንዶቹ የግራ፣ በሌሎቹ የቀኝ የፊት እግሩን አንሥቷል፤ ይህ የቅርጽ ለውጥ ነው።

የአክሱም ሳንቲም ቅርስ ነው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው አካል እንዲያሳውቅ ያዛል። ሳንቲሙን በአሸዋ ወይም በአሲድ ማጽዳት የምቱን ምልክት ስለሚያጠፋ፣ ከዚያ በኋላ ድርቡ ከየት እንደመጣ ለመለየት ያዳግታል።