ያገለገለ ሞተር ብስክሌት ሲገዙ ኮርቻውን ያስወርዱ

በአገራችን በቅሎ መግዛት የሚያውቅ ሰው፣ ሻጩ ምንም ያህል ቢያወድስለት፣ ከሁሉ አስቀድሞ ኮርቻው እንዲወርድ ይጠይቃል። ካማረው ግላስ በታች የጀርባ ቁስል ሊኖር እንደሚችል ያውቃልና። ቀጥሎም አፏን ከፍቶ ዕድሜዋን በጥርሷ ይለካል፤ ሰኮናዋንም አንሥቶ ያያል።

ዛሬ ከአምቦ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ባሉት ከተሞች፣ በጉደርም በጌዶም በእጃጂም፣ የወጣቱ ዓይን ከበቅሎ ወደ ሞተር ብስክሌት ዞሯል። ይልቁንም ጎንበስ ተብሎ የሚነዳው የስፖርት ሞተር ልብ ይሰርቃል። አዲሱን ለመግዛት የደመወዝተኛ ኪስ ስለማይፈቅድ፣ ዕቁብ የደረሰው ያገለገለውን ይፈልጋል። ታዲያ ያ የበቅሎ ገበያ ጥበብ ስለ ምን ይረሳል?

ዳይምለርና ማይባኽ የተባሉት ጀርመኖች የቤንዚን ሞተር የተገጠመለትን የእንጨት ብስክሌት የሠሩት እ.ኤ.አ. በ1885 ነው። ከ100 ዓመት በኋላ፣ በ1985፣ የጃፓኑ ሱዙኪ ጂ.ኤስ.ኤክስ.-አር 750 የተባለውን፣ የእሽቅድምድም ሜዳ መልክ ያለውን ሞተር ለመንገድ አቀረበ። እንዲህ ያለው ሞተር ነፋስን እንዲቀድ አካሉ በፕላስቲክ ልባስ ይሸፈናል። ያ ልባስ እንግዲህ የዘመናችን ግላስ ነው፤ የተጣመመ ሻንሲና የተበየደ ብረት ከሥሩ ሊደበቅ ይችላል።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ሞተሩን ለማየት ማለዳ ይሂዱ። ከመነሣቱ በፊት እጅዎን ወደ ሞተሩ ያስጠጉ፤ ሙቀት ካለው ሻጩ አስቀድሞ አስነሥቶታል፤ ምክንያቱንም ይጠይቁ። ተነሥቶ ሰማያዊ ጢስ ቢያወጣ ዘይት እየተቃጠለ ነው። ልባሱን ያስፈቱና ሻንሲውን ይዩ። መሪውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻው ያዙሩ፤ ማቆሚያው የተጨፈለቀ ከሆነ ሞተሩ በኃይል ወድቆ ያውቃል። በፎርኬላው ላይ የዘይት ርጥበት፣ በካቴናው ላይ መርገብ መኖሩን ይመርምሩ። ጎማም እንደ በቅሎ ጥርስ ዕድሜውን ይናገራል፤ በጎኑ ላይ 2318 የሚል ቢያነቡ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ልባሱን አላስፈታም የሚል ሻጭ ቢገጥምዎ ግን መልሱን ሰጥቶዎታልና በሰላም ተሰናብተውት ይሂዱ።

«ቢበላሽ ሕግ አለልኝ» ይሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭን ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ተጠያቂ ያደርገዋል። ነገር ግን ገዢው እያወቀ ለተቀበለው ጉድለት፣ ወይም በከባድ ቸልተኝነት ሳያየው ለቀረው፣ ሻጩ «ይህ ጉድለት የለበትም» ብሎ በግልጽ ካላረጋገጠ በቀር አይጠየቅም። ሕግ ዓይኑን ጨፍኖ ለገዛ ሰው አያዝንም። ስለዚህ የሻጩን ቃል በውሉ ላይ ያስጽፉ። የሞተሩንና የሻንሲውን ቁጥር ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ ያስተያዩ፤ ስሙም በሕግ ወደ እርስዎ ይዛወር። በሕግ መሠረት የሦስተኛ ወገን መድን የሌለው ተሽከርካሪ በመንገድ ላይ ሊነዳ እንደማይገባም አይርሱ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ጥያቄ ይቀራል። ይህ ሞተር ለእርስዎ መንገድ ይሆናል ወይ? የስፖርት ሞተር ዝቅ ያለ ነው፤ የተሠራውም ለአስፋልት ነው። በክረምት ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ ገጠር ቀበሌ የሚዘልቅ ሰው፣ ከፍ ያለና መለዋወጫው በቅርብ የሚገኝ ሞተር ይሻለዋል። ከጌዶ ደጋ ወደ እጃጂ ቁልቁል ለሚወርድ ሰውም የሚያስፈልገው የሚይዝ ፍሬን ነው እንጂ የሚያብረቀርቅ ቀለም አይደለም።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። የፈሰሰ እህል ይለቀማል፤ በቁልቁለት ላይ ፍሬን የከዳው ሰው ሕይወት ግን አይለቀምም። ገንዘብዎን ከመቁጠርዎ በፊት ግላሱን ገልጠው ይዩ።