ወንድ ነው ወይስ ሴት?

«ጥንድ ናቸው» ሲሉን ተቀብለን በአንድ ሣጥን ያኖርናቸው ሁለት ትንንሽ በቀቀኖች ለካ ሁለቱም ሴት ኖረዋል። በጎጆ ተጣልተው አንዷ ሌላዋን ነክሳ ገደለቻት። ጥፋቱ የእኛው ነው፤ ሳናይ አመንን። ሌላው እንዳይደግመው የተማርነውን እነሆ።

የእነዚህ የአውስትራሊያ ወፎች (ባጀሪጋር) ፆታ በላባ ቀለም አይለይም። ምልክቱ ከመንቆሩ በላይ የአፍንጫውን ቀዳዳ የከበበው ቆዳ ነው። የጎለመሰ ወንድ ሰማያዊ፣ ሴቷ ነጣ ያለ ወይም ቡናማ ነው፤ ለመራባት ስትደርስ ቡናማው ይጠቁራል፣ ይሻክራልም። አንዳንድ ነጭና ቢጫ ወንዶች ግን ካደጉም በኋላ ሐምራዊ ሆነው ስለሚቀሩ እንዳያሳስቱን! በአገራችን ደጋ የሚገኘው ባለ ጥቁር ክንፍ በቀቀን ቀላል ነው፤ ሲጎለምስ ግንባሩ የሚቀላው ወንዱ ብቻ ነው።

ታዲያ ዝግጅቱስ? አንደኛ፦ ወንድና ሴት መሆናቸውን አረጋግጠን አንድ ዓመት እስኪሞላቸው እንጠብቅ። ሁለተኛ፦ የእንቁላል ቅርፊት ቀቅለን፣ አድቅቀን ለሴቷ እንስጣት፤ ካልሲየም ያነሳት ወፍ እንቁላሉ ሆዷ ውስጥ ተቀርቅሮ ልትሞት ትችላለች። ሦስተኛ፦ ጠባብ ቀዳዳ ያለው የእንጨት ሣጥን እንስቀልላቸው። ከዚያ ሴቷ በየሁለት ቀኑ አንድ እየጣለች ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ታደርሳለች፤ እያንዳንዱም 18 ቀን ያህል ታቅፋ ትፈለፍለዋለች። ወንዱ ይቀልባታል።

ነገ ተማሪዎቻችንን «ልብ ብላችሁ እዩ» ልንል ነው። እንግዲያው መጀመሪያ እኛው እንይ!