ከዐቃቤ ሕግ ጋር መደራደር

ከጣርማ በር ቁልቁል ወርዶ በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት በሚወስደው የደሴ መንገድ ጫት የጫነ መኪና ብርቅ አይደለም። ጫት በሕጋችን የተከለከለ ዕፅ ስላልሆነ፣ ሹፌሩ ቢጨቃጨቅ ከኬላ ቀረጥ ሰብሳቢ ጋር ነው። ከጫቱ ሥር ካናቢስ የተገኘ እንደሆነ ግን ነገሩ ይከፋል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 በዕፅ ዝውውር ላይ ከአምስት ዓመት የማያንስ ጽኑ እስራት ይጥላል። ሸዋ ሮቢት ውስጥ የፌዴራል ማረሚያ ቤት ስላለ፣ አምስት ዓመት ምን ማለት እንደሆነ ለአካባቢው ሰው አይነገረውም።

አንድ ረዳት ማዳበሪያ ሙሉ ካናቢስ ይዞ ተያዘ እንበል። ዕቃው የእሱ አይደለም፤ ባለቤቱ ሌላ ከተማ ተቀምጧል። ዐቃቤ ሕግ አጥብቆ የሚፈልገው ባለቤቱን ነው። የጥፋተኝነት ድርድር የሚባለው እዚህ ላይ ይመጣል፦ ተከሳሹ ጥፋቱን ያምናል፣ አንዳንዴም በሌላው ላይ ይመሰክራል፤ በምላሹ ዐቃቤ ሕግ ክሱን ያቀልለታል ወይም ዝቅ ያለ ቅጣት ይጠይቅለታል። ምስክር ማሰማት፣ ቀጠሮ ማብዛት ይቀራል።

በ1954ቱ የሥነ ሥርዓት ሕጋችን እንዲህ ያለ ድርድር አልነበረም። ተከሳሹ ክሱ ተነብቦለት የእምነት ክህደት ቃሉን ይሰጣል፤ ሳያቅማማ ካመነ ፍርድ ቤቱ ወዲያው ጥፋተኛ ሊለው ይችላል። ማመኑም በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ቅጣት ማቅለያ ይሆንለታል። ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ በዚያ መንገድ ሰውየው መጀመሪያ ያምናል፣ ቅናሹን በኋላ ከዳኛው ይጠብቃል። ድርድርን የተቀበለው የ2003 ዓ.ም. የወንጀል ፍትሕ ፖሊሲ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 943/2008ም የመደራደር ሥልጣንን ለዐቃቤ ሕግ ሰጠ።

ነገሩን ከሽምግልና ጋር የሚያመሳስሉት አሉ፤ እኔ አልስማማም። ሽማግሌ ፊት ተበዳይ አለ፣ ካሣ አለ፣ እርቅ አለ። በዕፅ ክስ ግን በአብዛኛው ፊት ለፊት የሚቆም ተበዳይ የለም፤ ባለጉዳዩ መንግሥት ነው፣ መደራደሪያውም የእስር ዓመት ነው። ስለዚህ ሚዛኑ መጀመሪያውኑ ያጋደለ ነው።

ምን ያህል ሊያጋድል እንደሚችል አሜሪካ ታሳያለች። ሂዩማን ራይትስ ዎች እንዳወጣው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በፌዴራል የዕፅ ክስ ጥፋታቸውን አምነው የተፈረደባቸው በአማካይ 5 ዓመት ከ4 ወር ሲቀጡ፣ ተከራክረው የተረቱት ግን 16 ዓመት ተቀጥተዋል። ይህን ያየ ንጹሕ ሰው እንኳ «አጥፍቻለሁ» ቢል ምን ይገርማል?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 በራስ ላይ ያለመመስከር መብትን ያረጋግጣል፤ አቅም ለሌለው ተከሳሽም ፍትሕ ሊጓደል በሚችልበት ጊዜ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ያዛል። ዘመድዎ በዕፅ ተጠርጥሮ ከተያዘ፣ ጠበቃ ሳያነጋግር ምንም ዓይነት የድርድር ወረቀት እንዳይፈርም ይንገሩት።