ያንኑ ቦታ ደግሞ ማንሳት

ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ፣ ወደ ዓባይ በረሃ አቅጣጫ የምትገኘው ይጁቤ የድሮ የገበያ አገር ናት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በዚሁ አካባቢ የነበረው የባሶ ገበያ የጎጃምን ነጋዴ ከዓባይ ማዶ ከሚመጣው ጋር ያገናኝ ነበር። እንግሊዛዊው ተጓዥ ቻርልስ ቤክ በ1840ዎቹ መጀመሪያ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በአካባቢው ቆይቶ ስለ ገበያው ጽፏል። ፎቶግራፍ ለዓለም ከታወቀ ገና ጥቂት ዓመቱ ስለነበር፣ በዙሪያው ያለው ኮረብታ ምን ያህል ዛፍ ለብሶ እንደነበር ከጽሑፍ ብቻ መለየት ያስቸግራል።

የተፈጥሮ ጥበቃ ባለሙያዎች ለእንዲህ ያለው ጥያቄ አንድ ዘዴ አላቸው፦ አሮጌ ፎቶ ይዞ መውጣት፣ ፎቶው የተነሳበትን ቦታ መፈለግ፣ ያንኑ እይታ ደግሞ ማንሳት።

ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ድካሙ ያለው ግን ቦታውን ማግኘቱ ላይ ነው። ባለሙያው ፎቶውን በእጁ ይዞ በቅርብ ያለው ቋጥኝ ጫፍ ከሩቁ ተራራ ጋር የሚገናኝበትን ነጥብ ይፈልጋል። ጥቂት ወደ ቀኝ ከሄደ ቋጥኙ ከተራራው አንጻር ወደ ግራ ይሸሻል፤ ወደፊት ከቀረበ ደግሞ ይገዝፋል። ሁሉም መስመር ሲገጥም የቀድሞው ፎቶ አንሺ የቆመበት ቦታ ተገኘ ማለት ነው። ወቅቱም መግጠም አለበት። በመስከረም የተነሳን ኮረብታ በመጋቢት ከተነሳው ጋር ያወዳደረ ሰው ዝናቡን እንጂ የመሬቱን ለውጥ አያይም።

ዘዴው ከአልፕስ ተራሮች የበረዶ ግግር ጥናት የመጣ ነው። በእኛ አገር በሰፊው የሠሩበት የቤልጂየሙ ተመራማሪ ያን ኒሰንና ባልደረቦቻቸው፣ ከእነርሱም ጋር ፕሮፌሰር ምትኩ ኃይሌ ናቸው። በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶ አንሺዎችን ይዞ ነበር። ተመራማሪዎቹ እነዚያን ፎቶዎች ይዘው የተነሱበት ቦታ ድረስ ሄዱ፤ በ2009 ያወጡት ውጤትም ብዙዎችን አስገርሟል። የሰሜኑ ደጋ ያኔም የተራቆተ ነበር፤ በበርካታ ቦታዎች ዛሬ ያለው ዛፍ ከዚያን ጊዜው ይበልጣል። «የዛሬ መቶ ዓመት አርባ በመቶው አገር ደን ነበር» እየተባለ ሲነገር የኖረውን ታሪክ ፎቶዎቹ አልደገፉትም።

ከላይ ወደ ታች የተነሱ ፎቶዎችም አሉ። ጣሊያኖች በ1930ዎቹ ከአውሮፕላን ያነሷቸው ከስምንት ሺህ በላይ የፎቶ ሰሌዳዎች በአዲስ አበባ በቀድሞው የካርታ ሥራዎች ኤጀንሲ ተቀምጠው ተገኝተዋል። በ1938 የተነሱት ለደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ጥናት አገልግለዋል። ደኖቹ በአብዛኛው በቦታቸው አሉ፤ በዙሪያቸው የነበረው ቁጥቋጦ ግን ታርሷል፣ ባሕር ዛፍም በርክቷል።

ወደ ደብረ ማርቆስ አካባቢ ስንመለስ፣ መነሻው በ1957 የተነሳው የአየር ፎቶ ነው። ተመራማሪው ወልደአምላክ በውቀት ከጮቄ ተራራ በሚወርደው የጨሞጋ ወንዝ ተፋሰስ የ1957ን እና የ1982ን የአየር ፎቶዎች ከ1998 የሳተላይት ምስል ጋር አስተያይተው በ2002 አሳትመዋል። በዛፍ የተሸፈነው መሬት ጨምሮ ተገኘ። ምክንያቱ የተፈጥሮ ደን ማገገሙ አልነበረም፤ የማገዶና የግንባታ እንጨት ያጠረው ገበሬ በየደጁና በየማሳው ጠርዝ የተከለው ባሕር ዛፍ ነው።

ከዚያው ከጮቄ በሚነሳው በጀደብ ተፋሰስ ደግሞ ኤርሚያስ ተፈሪና ባልደረቦቻቸው ከ1957 እስከ 2009 ያለውን ጊዜ አጥንተዋል። በ52 ዓመታት ውስጥ ከመሬቱ 46 በመቶ ያህሉ አገልግሎቱን ወይም ሽፋኑን ቀይሯል። ዋነኛው ለውጥ የግጦሽ መሬት ወደ እርሻ መዞሩ ነው። ረግረጉም ቀንሷል። ከዚህ ሁሉ ለውጥ ከግማሽ የሚበልጠው ግን በድምሩ ላይ አይታይም፤ አንዱ ቦታ ሲመነጠር ሌላው ስለሚተከል ሂሳቡ ይጠፋፋል። ሁለት ምስሎችን ነጥብ በነጥብ ማስተያየት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ በፎቶው ላይ አረንጓዴ የታየ ሁሉ አንድ አይደለም። ከአየር ሲታይ የወይራ፣ የጽድና የዋንዛ ደን ከባሕር ዛፍ ተክል ጋር ሊመሳሰል ይችላል። መሬት ላይ ቆሞ የተነሳ ፎቶ የግንዱን ቅርጽ፣ የእርከኑን መስመርና የቦረቦሩን ጥልቀት ያሳያል። ከዚያ የቀረውን የሚሞሉት የአካባቢው ሽማግሌዎች ናቸው፤ ዛፉን ማን እንደተከለው፣ ቦረቦሩ በየትኛው ክረምት እንደተከፈተ እነርሱ ይናገራሉ።

ይህን ሥራ ለመጀመር የተራቀቀ ካሜራ አያስፈልግም። ከይጁቤ ወደ ዓባይ በሚያሳየው ገደል አፋፍ ቆሞ በእጅ ስልክ የሚያነሳ መምህር ወይም የግብርና ባለሙያ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የቆመበትን ቦታና የዞረበትን አቅጣጫ ከመዘገበ በቂ ነው። በፎቶው ግርጌ የማይነቃነቅ ቋጥኝ፣ ከበላዩ ደግሞ የተራራ መስመር ይግባበት። አጠገቡ የሚታዩት ዛፎች በየስማቸው ይጻፉ፤ በሚቀጥለው ዓመትም በዚያው ወር ከዚያው ቦታ ይነሳ።